አውሎ ነፋሱ አንድ፣ አሟሟቱ ለየቅል

ኦክቶበር 4 ቀን 2016 «ማቲው» የሚል ስም የተሰጠው አውሎ ነፋስ ከካሪብያን ባሕር ገሥግሦ በማለዳ የሐይቲን ደቡብ ምዕራብ ጫፍ መታ፤ በዚያው ዕለት ምሽት ደግሞ ጠባቡን የባሕር ወሽመጥ ተሻግሮ በኩባ ምሥራቃዊ ጫፍ ላይ አረፈ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታትና ቀናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በሁለቱም ዳርቻዎች የነፋሱ ፍጥነት በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር። በሁለቱም ዳርቻዎች የኮኮናት ዛፍ ከሥሩ ተነቀለ፣ ቆርቆሮ እንደ ወረቀት በረረ፣ ድልድይ ፈረሰ። ጥንታዊቷ የኩባ ከተማ ባራኮዋ በማግሥቱ ስትታይ ብዙ ቤቶቿ ጣሪያ አልባ ሆነው ቀርተዋል። በሐይቲ የአገሪቱ መንግሥት ያመነው የሟቾች ቁጥር ብቻ 546 ደረሰ። በኩባ አንድም ሰው አልሞተም።

ልዩነቱ ከወዴት መጣ? የተፈጥሮ ቁጣ ነው እንዳይባል ቁጣው አንድ ነው። የሕዝቦቹ ጠባይ ነው እንዳይባል ደግሞ ከምሥራቅ ኩባ ነዋሪዎች ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ሸንኮራ አገዳ ለመቁረጥ ከሐይቲ ተሻግረው ከቀሩ ወዛደሮች ነው። የኩባው ሰው ከሐይቲው ወንድሙ ይልቅ ጎበዝ ወይም ብልህ ስለሆነ ተረፈ ማለት ከንቀት የማይለይ ድምዳሜ ነው። ጥያቄው ኅብረተሰባዊ ነውና መልሱም መፈለግ ያለበት በኅብረተሰቡ አደረጃጀት ውስጥ ነው። በዛሬው ጽሑፋችን የምንመለከተው፣ ተራው ሰው ይህን የመሰለ መዓት ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግና የሚያደርገው ነገር በምን ሁኔታ ለሕይወት፣ በምን ሁኔታ ደግሞ ለከንቱ ድካም እንደሚዳርገው ነው።

ስለ ነፋሱ ራሱ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ፀሐይ የውቅያኖሱን ፊት ከ26 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ስታሞቀው፣ ከባሕሩ የሚነሣው እንፋሎት ወደ ላይ እየወጣ ሲቀዘቅዝና ዝናብ ሲሆን ሙቀቱን ለአየሩ ይለቃል፤ አየሩም ይበልጥ ይነሣል፣ ከሥር ሌላ አየር ይሳባል፣ በመሬት መዞር ምክንያትም መሽከርከር ይጀምራል። በመካከሉ «ዓይን» የሚባል ጸጥ ያለ ቦታ ይፈጠራል። ብዙ ሰው የሚሞኘው በዚህ ዓይን ነው፤ ነፋሱ ድንገት ሲቆም ያለቀ መስሎት ከተጠለለበት ይወጣና ከተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣው ሁለተኛ ግፊት በሜዳ ላይ ያገኘዋል። ከነፋሱ ይልቅ ደግሞ ውኃው ነው ብዙ ሰው የሚገድለው። ባሕሩን እንደ ግድግዳ አንሥቶ ወደ የብስ የሚገፋው ማዕበልና ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ ቅርብ የሆነ አንድ ነገር አለ። የአየር ጠባይ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ በአትላንቲክ ከሚነሡት ብርቱ አውሎ ነፋሶች የአብዛኞቹ ጽንስ በአፍሪካ ሰማይ ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ የነፋስ ሞገድ ነው። የሞገዱም መነሻ ከኢትዮጵያ ከፍተኛ ቦታዎች እስከ ሱዳኑ የዳርፉር ተራሮች ባለው አካባቢ ይገኛል። በክረምታችን ወራት በዚህ ሰማይ የተጠነሰሰው ሞገድ የሳሕልን በረሃ አቋርጦ በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ ውቅያኖስ ይገባል፤ አብዛኛው በዚያው ሲበተን ጥቂቱ በሞቃቱ ባሕር ላይ ጉልበት አግኝቶ ማዶ ላይ መዓት ሆኖ ይወርዳል። እንግዲህ ወሬው የሩቅ አገር ወሬ ነው ብሎ ገጹን ለመግለጥ የሚቸኩል አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን።

የኩባ ሕዝብ ዛሬ ያለውን ዘዴ ከሰማይ አላገኘውም። በኦክቶበር 1963 «ፍሎራ» የተባለው አውሎ ነፋስ በምሥራቃዊው የኦሪየንቴ ክፍለ ሀገር ገብቶ እንደ ሌሎቹ አቋርጦ አልሄደም፤ ወደፊት እየሄደ፣ ወደኋላ እየተመለሰ፣ በአንድ ቦታ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ለቀናት ዘነበ። የካውቶ ወንዝ ሸለቆ ባሕር ሆነ። ገበሬው በጎጆው አናት፣ ከጎጆው አናት በዛፍ ላይ እየወጣ ጠበቀ፤ ብዙዎቹን ውኃው ከዛፉ ላይ ወሰዳቸው። በኩባ ከ1 ሺህ በላይ፣ በሐይቲ ደግሞ 5 ሺህ ያህል ሰዎች አለቁ። በዚያ ጊዜ በኩባ መንደር ውስጥ ርኅራኄም ጀግንነትም አልጎደለም፤ ሰው ጎረቤቱን በገመድ ጎትቷል፣ ሕፃን በራሱ ላይ ተሸክሞ ዋኝቷል። የጎደለው ውኃው ከመድረሱ ከሁለት ቀን በፊት «ይህ ሸለቆ ይለቀቅ» የሚልና ሸለቆውን ለማስለቀቅ የሚያስችል አካል ነበር። ከዚያ መዓት በኋላ የሲቪል መከላከያ ድርጅት ተጠናከረ፣ የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች ተስፋፉ፣ ጎርፉን የሚገቱና ለመስኖ የሚያገለግሉ ግድቦች በብዛት ተሠሩ። በ1959 ከ50 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ ያልበለጠ ውኃ ይይዙ የነበሩት የአገሪቱ ግድቦች ዛሬ ከ200 በላይ ሆነው ከ9 ቢሊዮን በላይ ሊይዙ ይችላሉ።

ግድቡና ራዳሩ ግን የነገሩ ግማሽ ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በመንገዱ ላይ፣ በየደጃፉ ነው። እኛም በዚህ ላይ ጥቂት መቆየትን እንመርጣለን፤ የቀበሌ ማኅበራት አባላት የሆኑ አንባቢዎቻችን ሥራውን ከውስጥ ያውቁታልና።

ከ1960 ጀምሮ በኩባ በየመንደሩ ብሎክ የተቋቋሙት የአብዮት ጥበቃ ኮሚቴዎች ስማቸው እንደሚያመለክተው በመጀመሪያ ለሌላ ዓላማ የተመሠረቱ ናቸው። ተግባራቸውንም ስንመለከት ሰው የጎረቤቱን ነገር ማወቁ ሁልጊዜ ለበጎ ብቻ የዋለ አይደለም፤ ክትትልና ወሬ አቀባይነት እንደነበረበት የማይናገር ሰው ሙሉውን አልተናገረም። ይሁን እንጂ አውሎ ነፋስ በመጣ ጊዜ ያው እውቀት ሌላ ጥቅም ይሰጣል። በየቤቱ ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ከመካከላቸው አልጋ ላይ የዋለ ማን እንደሆነ፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት በየትኛው ፎቅ እንዳለች፣ የማን ጣሪያ የላላ እንደሆነ በዝርዝር የተጻፈ ነው። ከ1984 ጀምሮ በየሰፈሩ የተመደበው የቤተሰብ ሐኪምና ነርስ ደግሞ የነፍሰ ጡሮቹንና የሕሙማኑን መዝገብ ይይዛሉ። የመውለጃዋ ጊዜ የተቃረበ ሴት ነፋሱ ሳይደርስ ወደ እናቶች ማረፊያ ትወሰዳለች። የእኛ እድር ጥሩምባ ነፊ የማያውቀው ደጅ እንደሌለ ሁሉ በዚያም የማይታወቅ ደጅ የለም፤ ልዩነቱ ጥሩምባው የሚነፋው ከሞት በፊት መሆኑ ነው።

ዝርዝሩ በመሳቢያ ውስጥ እንዳይሻግት ከ1986 ወዲህ «ሜቴዎሮ» የሚባል አገር አቀፍ ልምምድ የአውሎ ነፋስ ወራት ከመግባታቸው በፊት ይደረጋል። ወራቱ ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ስለሆኑ ልምምዱ አብዛኛውን ጊዜ በሜይ ይውላል። በዚያን ጊዜ መዝገቡ ይታደሳል፤ የሞተው ይሰረዛል፣ የተወለደው ይገባል። ወደ ቤት የተጠጋው የዛፍ ቅርንጫፍ ይቆረጣል፣ ቱቦ ይጠረጋል፣ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ ይወሰናል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብዙ ጊዜ ሳይስተዋል ይታለፋል። በኩባ ከአደጋው ቀጣና የሚወጡት ሰዎች በመቶ ሺህ፣ አንዳንዴም በሚሊዮን ይቆጠራሉ፤ በጁላይ 2005 «ዴኒስ» ሲመጣ 1 ሚሊዮን ተኩል ሰው ቤቱን ለቋል። እነዚህ ሁሉ በትምህርት ቤት ወለል ላይ ተኝተው አይደለም። አብዛኞቹ የሚጠለሉት በዘመድ፣ በወዳጅና ቤቱ ጠንካራ በሆነ ጎረቤት ዘንድ ነው። የሲሚንቶ ጣሪያ ያለው ሰው የሌላውን ቤተሰብ ይቀበላል፤ የተቀበለውም አስቀድሞ ስሙ የተመዘገበ ነው። ተራው ሰው በራሱ ፈቃድ የሚያደርገውን እንግዳ ተቀባይነት ድርጅቱ አልተካውም፤ ቦታና ሰዓት ሰጠው እንጂ።

ቤቱን ትቶ ለመሄድ የሚያመነታ ሰው አለ። እንዲያውም ድሃ ይበልጥ ያመነታል። ሀብታሙ ቤቱ ቢዘረፍ ሌላ ይገዛል፤ ለአሥር ዓመት ተቆጥቦ የተገዛ ማቀዝቀዣ ያለው ሠርቶ አደር ግን ማቀዝቀዣውን ጥሎ መሄድ ማለት የአሥር ዓመት ላቡን መጣል ማለት ነው። ስለዚህ በኩባ ሰውን የሚያነሣው የጭነት መኪና ቴሌቪዥኑንና ማቀዝቀዣውንም፣ በገጠር ከብቱንና አሳማውንም ጭምር የማንሣት ልማድ አለው። ይህን የሰማ አንዳንድ የውጭ ተመልካች በነገሩ ይስቃል። እኛ ግን ይህን የወጠነው ሰው የሠርቶ አደሩን ኑሮ የሚያውቅ መሆኑን እንገነዘባለን። ኤሌክትሪኩም ቢሆን የተቆረጠ ሽቦ ሰው እንዳይገድል ነፋሱ ከመድረሱ በፊት በትእዛዝ ይጠፋል፤ ውኃ በበርሜልና በጋን ይሞላል፤ መስኮት በሳንቃ ይመታል፤ በቆርቆሮው ላይ የአሸዋ ጆንያ ይጫናል።

ይህ ሁሉ ሲደረግ የአያቶች ጥበብ አልተናቀም። የኩባ ገበሬ «ቫራ ኤን ቲዬራ» የሚለው ግድግዳ የሌለው፣ ጣሪያው ከሁለት ወገን እስከ መሬት የሚወርድ፣ በዘንባባ ቅጠል የተከደነ ዝቅተኛ ዳስ አለ። ነፋሱ የሚይዝበት ግድግዳ ስለማያገኝ በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። የሲሚንቶ ቤት በሌለበት ገጠር ቤተሰቡ በዚህ ዳስ ውስጥ ተሰብስቦ ያድራል። በምሥራቁ ተራራማ አገር ደግሞ ዋሻ መጠለያ ይሆናል። የተማረው ሰው ያላዋቂ ልማድ ብሎ ከመጣሉ በፊት መመርመር ያለበት ብዙ ነገር በገበሬው እጅ እንዳለ ይህ አንዱ ማስረጃ ነው።

የምናወራው ስለ ገነት እንዳልሆነ ግልጽ መሆን አለበት። «ዴኒስ» በ2005 ከዚያ ሁሉ ዝግጅት ጋር 16 ሰው ገድሏል። በሴፕቴምበር 2017 «ኢርማ» 10 ሰው ሲገድል ከሟቾቹ ሁለቱ ሴቶች በሐቫና በአውቶቡስ ሲጓዙ ያረጀ ሰገነት ተደርምሶባቸው ነው። በ2008 «ጉስታቭ» እና «አይክ» በአሥር ቀን ልዩነት ተከታትለው ሲመጡ ከ400 ሺህ በላይ ቤቶች ተጎዱ። ከ1979 ጀምሮ ብዙ ኢትዮጵያውያን ልጆች የተማሩባት የወጣቶች ደሴትም ከተጎዱት ሥፍራዎች አንዷ ነበረች። ሕዝቡ ነፍሱን አትርፎ ሲመለስ ጣሪያ አልነበረውም፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ለዓመታት የጠበቀ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም። በ2022 «ኢያን» ሲያልፍ የመላ አገሪቱ የመብራት መሥመር ወደቀ፤ የሐቫና ነዋሪዎችም ምግባቸው በማቀዝቀዣ ውስጥ ሲበላሽ ድስት እየቀጠቀጡ መንገድ ወጡ። ሰውን ከሞት ማዳንና ሰውን ከነኑሮው ማቆም ሁለት የተለያዩ ተግባሮች ናቸው። አንዱን የፈጸመ ሌላውን ፈጸመ ማለት አይደለም።

ወደ ሐይቲ ስንመለስ የምናየው የድርጅት እጦትና የድህነት ጥምረት ነው። «ማቲው» ሲመጣ ማስጠንቀቂያው በሬድዮ ተነግሯል፤ ነገር ግን ሬድዮው «ውጡ» ሲል በምን መኪና፣ ወደ የት፣ ቤቱን ማን እየጠበቀው የሚለውን የሚመልስ በየመንደሩ አልነበረም። ከ2010 የመሬት መንቀጥቀጥ ወዲህ በድንኳን የቀረ በአሥር ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ገና ነበር። ኮረብታው ለከሰልና ለእርሻ ተመንጥሮ ራቁቱን ስለቀረ ዝናቡን የሚይዝ ሥር አልነበረውም። ዋናው መንገድ የሚያልፍበት ድልድይ ሲፈርስ ደቡብ ምዕራቡ ከርእሰ ከተማው ተቆረጠ። በዚህ ሁሉ መካከል የሐይቲ ሰው ያደረገው ምንድን ነው? ያለ መሣሪያ የወደቀውን ዛፍ በቆንጨራ ቆርጦ መንገድ ከፈተ፣ የተረፈውን ቆርቆሮ ሰብስቦ ለሁለትና ለሦስት ቤተሰብ አንድ መጠለያ ቀለሰ። በምግባር ከባራኮዋ ሰው በምንም አላነሰም።

ድህነት ብቻ ነው ምክንያቱ እንዳይባል የዓለምን ሀብታም አገር እንመልከት። በኦገስት 29 ቀን 2005 «ካትሪና» የአሜሪካን ደቡባዊ ጠረፍ መታ። የኒው ኦርሊየንስ ከተማ የጎርፍ መከላከያ ግንቦች ከ50 በላይ በሆኑ ቦታዎች ተጥሰው ከከተማዋ 80 በመቶ ያህሉ በውኃ ተሸፈነ። ከተማዋን በግዴታ የመልቀቅ ትእዛዝ የወጣው ነፋሱ ሊደርስ አንድ ቀን እንኳ ሳይሞላው ነው። መኪና ያለው ወጣ፤ ይህም የነዋሪው አብዛኛው ክፍል ነበር። ነገር ግን መኪና የሌለው ነዋሪ ከ100 ሺህ በላይ እንደሚሆን አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ወሩ ሊያልቅ ሁለት ቀን ቀርቶታል፤ ደመወዝ የሚጠብቅ ወዛደር በኪሱ የነዳጅም የሆቴልም ገንዘብ አልነበረውም። በመቶ የሚቆጠሩ የከተማዋ የትምህርት ቤት አውቶቡሶች በቆሙበት ሜዳ ውኃ ዋጣቸው።

በሉዊዚያና ግዛት ከሞቱት ሰዎች ግማሽ ያህሉ ዕድሜያቸው 75 ዓመትና ከዚያ በላይ ነበር። በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ብቻ 35 ሰዎች ሰጠሙ። ይህን ቁጥር ከኩባው የሰፈር መዝገብ ጎን አድርጎ ማየት ያሻል፤ መዝገቡ በመጀመሪያ የሚፈልገው እነዚህኑ ሰዎች ነውና።

ተራው ሰው በኒው ኦርሊየንስ ምን አደረገ? በዚያ ሰሞን የዓለም ጋዜጦችና ቴሌቪዥኖች «ሕዝቡ አበደ» ብለው አወሩ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው በታጨቀበት በሱፐርዶም ስታዲየም ውስጥ ግድያና አስገድዶ መድፈር እንደ ወረርሽኝ ተስፋፋ ተባለ። በኋላ ሲጣራ የወሬው አብዛኛው ክፍል ሐሰት ሆኖ ተገኘ። በስታዲየሙ የተገኙት አስከሬኖች ስድስት ሲሆኑ የአብዛኞቹ አሟሟት በሕመም ነበር። የጥቁር ድሃ ስብስብ ሁሉ አመፀኛ ነው የሚል የቆየ ጥላቻ ወሬውን ያለ ማስረጃ አሳመነ። የእኛም ሙያ በዚህ የተወቀሰ መሆኑን አንደብቅም፤ «ሕዝቡ ተሸበረ» የምትል ሐረግ በየጽሑፍ ጠረጴዛው ላይ ሁልጊዜ ተዘጋጅታ የምትጠብቅ ናት።

ወሬው ወሬ ሆኖ ቢቀር ባልከፋ። የመንግሥቱ ኃይል በከፊል ከነፍስ ማዳን ወደ ንብረት ጥበቃ ዞረ። ሴፕቴምበር 1 ቀን በእግራቸው ድልድይ ተሻግረው ወደ ደረቅ መሬት ሊወጡ የሞከሩ ነዋሪዎችን የማዶው ከተማ ፖሊሶች በላያቸው ተኩሰው መለሷቸው። ሴፕቴምበር 4 ቀን በዳንዚገር ድልድይ ላይ ፖሊሶች መሣሪያ ባልያዙ ሰዎች ላይ ተኩሰው ሁለት ገደሉ፤ ጥፋተኝነታቸውን በፍርድ ቤት ያመኑት በ2016 ነበር።

በዚያው ሰዓት ግን ዓሣ አጥማጁና አናጢው ጠፍጣፋ ታንኳውን በመኪናው እየጎተተ ከሌላ ወረዳ ይመጣ ነበር። የጠረፍ ጠባቂው ክፍል በሄሊኮፕተርና በጀልባ ከ33 ሺህ በላይ ሰው ማዳኑ የሚመሰገን ነው፤ ከእርሱ ጎን ደግሞ ማንም ያልላካቸው ታንከኞች ከየጣሪያው ሰው ያወርዱ ነበር። ሰው ጎረቤቱን በአየር ፍራሽ፣ በበርና በፕላስቲክ ገንዳ ላይ አድርጎ ገፋ። ከተዘጋ ሱቅ ውኃና የሕፃን ወተት አውጥቶ ለማያውቀው ሰው ያደለውን ወጣት ዜናው «ዘራፊ» አለው። ይህ ሁሉ ደግነት ግብታዊ ነበር። ግብታዊ መሆኑ ክብሩን አይቀንሰውም፤ አቅሙን ግን ይወስነዋል። ታንከኛው የሚጮኸውን ድምፅ ተከትሎ ይሄዳል፤ መጮኽ ያልቻለችው የ80 ዓመት አሮጊት በኮርኒስዋ ሥር መሆኗን የሚነግረው ዝርዝር የለውም።

ኩባ በዚያ ሰሞን 1,586 ሐኪሞችን ለመላክ ዝግጁ መሆኗን ብታስታውቅም የአሜሪካ መንግሥት አልተቀበለም። ይህም በታሪክ መመዝገቡ ተገቢ ነው።

ነፋሱ ካለፈ በኋላ ስላለው ጊዜ ደግሞ የፖርቶ ሪኮን ያህል የሚያስተምር የለም። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2017 «ማሪያ» ደሴቲቱን ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ የመብራት መሥመሯን በሙሉ ጣለ። መንግሥት ለወራት ሲያሳውቅ የነበረው የሟች ቁጥር 64 ነበር። በኦገስት 2018 የዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የሞት መዝገቦችን አጥንተው ግምቱን 2,975 አደረሱት፤ መንግሥትም ይህንኑ ተቀበለ። የጨመሩት ሰዎች በነፋስ የበረሩ፣ በጎርፍ የተወሰዱ ብቻ አይደሉም። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ማሽኑ ቆመበት፣ የስኳር በሽተኛዋ ኢንሱሊን ያለ ማቀዝቀዣ ተበላሸባት፣ በኦክሲጂን መሣሪያ የሚተነፍሰው ጄኔሬተሩ ነዳጅ ጨረሰበት። መብራት ለሁሉም ቤት ሊመለስ ያለፈው ጊዜ አሥራ አንድ ወር ያህል ነው። ቤቱ የቆመለት ሰው በቆመ ቤቱ ውስጥ ሞተ።

በዚያች ደሴት ተራራማ ክፍል አድሁንታስ የምትባል ከተማ አለች። በከተማይቱ በ1980 የማዕድን ቁፋሮን ለመቃወም የተመሠረተ «ካዛ ፑዌብሎ»፣ በእኛ ቋንቋ «የሕዝብ ቤት»፣ የሚባል ማኅበር ይገኛል። ማኅበሩ ከዓመታት በፊት ጣሪያው ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ መብራት አስገብቶ ነበር። «ማሪያ» ባለፈ ማግሥት በአካባቢው መብራት የነበረው ቤት ይህ ነበር። የመተንፈሻ መሣሪያ የሚጠቀሙ ሕሙማን ወደዚያ መጡ፣ ስልክ የሚሞላው ተሰለፈ፣ ማኅበሩም በሺህ የሚቆጠሩ የፀሐይ ፋኖሶችን በየተራራው ቤት አደለ። በሌሎች ከተሞችና መንደሮችም ነዋሪዎች የተዘጉ ትምህርት ቤቶችን ከፍተው የጋራ ወጥ ቤት አቋቋሙ፤ ድስቱን አንዱ፣ ሩዙን ሌላው እያመጣ፣ መንገዱንም በየራሳቸው መጋዝ እየጠረጉ እርዳታው እስኪደርስ ቆዩ።

የአድሁንታስ ሰዎች ወራቱ ሲያልፍ ወደየቤታቸው ተበትነው አልቀሩም። ለሕሙማን ቤት የፀሐይ መብራት ማስገባቱን ቀጠሉ። በ2023 ደግሞ በከተማዋ እምብርት ያሉ ከአሥር በላይ የንግድ ቤቶች በአንድ የፀሐይ ኃይል መሥመር ተያያዙ። ዋናው መብራት በተቋረጠ ጊዜ ነዋሪው የሚሄድበት እንዲያገኝ ታስቦ ከተያያዙት መካከል መድኃኒት ቤቱና ዳቦ ቤቱ ይገኛሉ።